«እዚህ ጋ» ወዴት ነው?

በ2011 ዓ.ም. የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት፣ መንገዱ ገና እንደ ልብ ይኬድበት በነበረ ጊዜ፣ የስድስት ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄድሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ረቡዕ ገበያ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ታላቅ እህቴ ትኖራለች። ልጁ ያደገው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቱ «እንጀራ ከሱፐር ማርኬት የሚበቅል እየመሰለው ነው፤ ወስደሽ አሳይልኝ» አለችኝ። እኔም አውድማና በሬ ላሳየው ነበር ያሰብሁት። እዚያ ስንደርስ ግን ያላሰብሁት ሌላ ጉድለት ታየኝ፤ ዛሬ የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

ማለዳ ከመናኸሪያ ተነሥተን ፍቼን አልፈን ጎሐ ጽዮን እስክንደርስ ተኝቶ ነበር። መንገዱ ወደ አባይ በረሃ መውረድ ሲጀምር ቀሰቀስሁት። ይህን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹ መውረድ፣ ግማሹ መውጣት። ደጋ ላይ ካፖርት የለበሰ ሰው ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል።

«ያውልህ አባይ» አልሁት።

«የቱ ጋ?»

«ታች፣ ከድልድዮቹ ሥር።»

ሁለቱ ድልድዮች፣ አሮጌውና በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ፣ ጎን ለጎን ይታዩ ነበር። ልጁ ግን ፊት ለፊቱ ያለውን የገደል ግድግዳ በጣቱ እየጠቆመ «እዛ ጋ?» አለኝ።

«አይ፣ እሱማ ከወንዙ ማዶ ያለው ጎጃም ነው።»

«ማዶ ምንድን ነው?»

አውቶቡሱ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጡ ሽማግሌ ዘወር ብለው አዩኝ። እኔም አፈርሁ። እናቱ ደብረ ማርቆስ ተወልዳ ያደገች ልጅ፣ አባይን ቁልቁል እያየ «ማዶ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ምን ይባላል? «ወዲያ ነው» አልሁት። እሱም «እሺ» ብሎ ዝም አለ፤ «ወዲያ»ም እንዳልገባው ግን አየሁት።

ደጀን ላይ ስንወጣ አገሩ ሜዳ ይሆናል፤ ሉማሜን አልፎ ደብረ ማርቆስ ነው። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የከተማው የድሮ ስም መንቆረር ነበር። በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የነገሡት ራስ አዳል ያሠሩት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው ስሙን ለከተማው የሰጠው። እኔ የተማርሁበት፣ ነፍሰ ጡር ያዋለድሁበት፣ ልጆቼን የወለድሁበት አገር ስለሆነ ስለ እሱ ከጀመርሁ አላቆምም፤ ስለዚህ ወደ እህቴ ቤት ልግባ።

የእህቴ ቤት ክዳኑ ቆርቆሮ ቢሆንም ውስጡ የድሮውን ነው። መደብ አለው፣ ጓዳ አለው፣ ጓዳው ውስጥ ቆጥ አለው። በደረስን በማግሥቱ ጠዋት እህቴ እጇን እስከ ክርኗ ሊጥ ውስጥ ነክራ ታቦካለች። ልጁን ጠራችውና፦

«ልጄዋ፣ እስኪ ከጓዳ ግባና፣ ከቆጡ ሥር፣ ከገንቦው ጀርባ ያለውን ቅል አምጣልኝ» አለችው።

ገባ። ወጣ። «የለም» አለ።

«አለ እኮ! ከገንቦው ጀርባ።»

«እዛ ጋ የለም።»

የጎረቤት ልጅ፣ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ከደጃፉ ቆማ ትሰማ ነበር። ማንም ሳያዛት ሮጣ ገባችና ቅሉን በሁለት እጇ አቅፋ ይዛ ወጣች። እህቴ ልጁንም እኔንም ተራ በተራ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይህ ልጅ ጆሮው ደህና ነው?» አለችኝ።

እንደ ጤና ሠራተኛ ጥያቄው ትክክለኛ ነው። የሚነገረውን የማይከተል ልጅ ሲያጋጥም በመጀመሪያ መታየት ያለበት ጆሮው ነው። ከኋላው ቆሜ በሹክሹክታ «ከረሜላ» አልሁ። እንደ መብረቅ ዞረ። ጆሮው ደህና ነው።

የጎደለው ቃል ነው። በዚያ ቀን የልጁን ንግግር ስከታተል ዋልሁ። «ጫማዬ እዛ ጋ ነው።» «ድመቷ እዚህ ጋ ናት።» «ኳሱ እዛ ጋ ገባ።» ሥር፣ ጀርባ፣ አጠገብ፣ መካከል፣ ማዶ፣ ጥግ፣ ዳር የሚባሉትን ሁሉ አንዲቱ «ጋ» ውጣቸዋለች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። አዲስ አበባ ቤታችን ውስጥ እኔ ራሴ ምን እላለሁ? «እስኪ እዛ ጋ ያለውን አቀብለኝ» እላለሁ፣ ከዚያ በጣቴ እጠቁማለሁ። ጣቴ ካለለት ልጁ ቃሉን ምን ያደርግለታል?

እህቴ ግን እጇ ሊጥ ውስጥ ነው። እጇ ሊጥ ውስጥ የሆነ ሴት በጣት አትጠቁምም። ጢስ ባለበት ጓዳ ውስጥ ያለውን ዕቃ ከደጅ ሆና ስታዝ ጣት አይታይም። ከብት የያዘ ልጅ ጋራ ላይ ሆኖ ታች ላለው ጓደኛው ሲጣራ ጣት አይደርስም። የጎረቤቷ ትንሽ ልጅ ቃሉን ያወቀችው ጎበዝ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ስትላክ ያደገች ልጅ ስለሆነች ነው።

ይህን ስል ልጅን ከሥራ ጋር ቀጥቅጡት ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ቅል ማምጣት ሥራ አይደለም።

ደግሞ የአማርኛችንን ነገር ልብ በሉት። በማግሥቱ እህቴ «ከመደቡ ላይ ተቀመጥ» ስትለው ቁጢጥ ብሎበት ከነበረው መደብ ተነሥቶ ቆመ። አዲስ አበባ ላይ «ከ» ሲባል የሚሰማው «ተነሣ» ወይም «ውረድ» ሲከተለው ነው። እኛ ዘንድ ግን «ከመደቡ ላይ ተቀመጥ»ም «ከመደቡ ላይ ተነሣ»ም ይባላል። «ከአልጋው ሥር ግባ»፣ «ከአልጋው ሥር ውጣ»፦ ፊተኛው ቃል ያው ነው፤ መግባቱን ከመውጣቱ የሚለየው መጨረሻ ላይ የሚመጣው ግሥ ነው። ስለዚህ ልጅ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው መስማት አለበት። እኛ ደግሞ ግማሹን ተናግረን ግማሹን በእጅ እንጨርሳለን።

ቃል ሲጓደል ምን እንደሚያስከትል እኔ የተማርሁት ከልጅ አይደለም፤ ከራሴ ስሕተት ነው። ወጣት ነርስ ሳለሁ፣ አንድ ገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ አንዲት እናት ዓይኗ በትራኮማ የቀላ ልጅ ይዛ መጣች። በአማራ ክልል ደጋ ትራኮማ የቆየ ችግር ነው። የቴትራሳይክሊን ቅባት ሰጠኋትና «ጠዋትና ማታ ዓይኗ ላይ ቀቢላት፤ ስድስት ሳምንት እንዳታቋርጪ» አልኋት። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ቸኩያለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመለስ የልጅቱ ዓይን እንደ ነበረ ነው፤ ቆቧና ሽፋሽፍቷ ግን በቅባት ወዝቷል። እናቲቱ አንድ ቀን ሳታጓድል፣ ጠጉር በቅቤ እንደሚቀባ፣ የዓይኗን ቆብ ከላይ ስትቀባት ሰንብታለች። «ላይ» አልኋት፣ ላይ ቀባች። ማለት የነበረብኝ «የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርገሽ፣ በቆቡና በዓይኗ መካከል፣ ወደ ውስጥ» ነው። ሁለት ሳምንት የጠፋው በእኔ አንዲት ቃል ነው። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ መድኃኒት ስሰጥ ያልሁትን ታካሚው መልሶ እንዲነግረኝ ሳላደርግ ለቅቄ አላውቅም።

ሦስተኛው ቀን ላይ ልጁን ይዤ ደጅ ወጣሁ። ከእህቴ ደጅ ሆኖ ወደ ሰሜን ሲያዩ ጮቄ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ጨሞጋንና ሌሎች ብዙ ወንዞችን ወደ አባይ የሚልክ ተራራ። እንደ ነርስ ይሁን እንደ አያት አላውቅም፣ ተራራውን እንደ ሰው አካል አስተማርሁት። አማርኛችን ራሱ እንዲህ ነው የተሠራው፤ የቦታ ቃሎቹ አብዛኞቹ ከገላችን የወጡ ናቸው። አናትህን ንካ፤ የተራራው አናት ያውልህ። ወገብህን ያዝ፤ ደመናው ያለው ከወገቡ ላይ ነው። ጎንህ፣ ጎኑ። ፊት፣ ጀርባ። ስትተኛ ራስህ ያለበት ራስጌ፣ እግርህ ያለበት ግርጌ፤ መንደሩ ከተራራው ግርጌ ነው። ደጃፍም አፋፍም ውስጥ «አፍ» አለ። እንስራው እንኳ አንገትና ሆድ አለው። ልጁ ይህን ወደደው። አናቱን ይዞ እየሮጠ ሰው ለሁሉ «እኔ ጮቄ ነኝ» ይል ጀመር።

ይህን ከቤታችን ውጭም ያጠኑት አሉ። ጆንስተንና ስሎቢን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በእንግሊዝኛ፣ በጣሊያንኛ፣ በሰርቦክሮኤሽኛና በቱርክኛ አፋቸውን የፈቱ፣ ከሁለት ዓመት እስከ አምስት ያልሞላቸው ሕፃናትን አነጻጽረዋል። ቋንቋው ይለያይ እንጂ ልጆቹ ቃሎቹን የሚይዙበት ተራ በጣም ይቀራረባል፤ ውስጥ፣ ላይ፣ ሥር፣ አጠገብ ይቀድማሉ፤ መካከል፣ ፊትና ኋላ ዘግይተው ይመጣሉ። ስለዚህ የሦስት ዓመት ልጃችሁ «በሁለቱ መካከል» ሲሉት ቢደናገር አትቆጡት፤ ጊዜው አልደረሰም። ቀኝና ግራ ደግሞ ከሁሉም ይዘገያል፤ ስድስትና ሰባት ዓመት ላይ የራሱን እጅ ይለያል፣ ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው ቀኝ ለመለየት ግን ገና ይቀረዋል። «የምትጎርስበት እጅ ቀኝ ነው» እያልን እናስተምራለን፤ መልካም ነው፤ ግራኝ ልጅ ካላችሁ ግን እጁን አትምቱት፣ ምልክቱን ለውጡለት።

አራተኛው ቀን ነው የማልረሳው።

ከሰዓት በኋላ ልጁ ከብት ከያዙት ልጆች ጋር ወደ ጅረቱ ወረደ። ትልልቆቹ እንደሚጠብቁት ነግረውኝ ነበር። ፀሐይ ልትገባ ስትል ከብቶቹ መጡ፣ ልጆቹ መጡ፣ የእኔ የለም። «ቀድሞን የሄደ መስሎን ነው» አሉ። የደጋው ብርድ በየካቲት ሌሊት ምን እንደሚመስል የአካባቢው ሰው ያውቃል፤ ልጁ የለበሰው ስስ ሹራብ ነው። ሸለቆው ደግሞ ቁጥቋጦና ቦረቦር የበዛበት ነው። አፋፉ ላይ ቆሜ ስሙን ጠራሁ። ሦስቴ፣ አራቴ። በአምስተኛው «እማማ!» የሚል ድምፅ መጣ። የገደል ማሚቶው ግን ድምፁን ወስዶ ከዚህም ከዚያም ይመልሰዋል፤ ከየት እንደመጣ አይለይም።

«የት ነህ?» አልሁ ባለኝ ኃይል።

«እዚህ ጋ ነኝ!»

እህቴ ደረቷን መታች። እኔም ጉልበቴ ተብረከረከ። ደጋግሜ «የት ጋ?» እላለሁ፣ ደጋግሞ «እዚህ ጋ!» ይላል፣ እያለቀሰ። 34 ዓመት በሙያው የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ድንገተኛ ሕመምተኛ ፊት እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ከ«የት» በስተቀር ምንም ጥያቄ አልመጣልኝም።

ያዳነችን የቅል አምጪዋ ታላቅ እህት ናት፤ ዐሥር ዓመት ቢሆናት ነው። እጆቿን አፏ ዙሪያ አድርጋ ጮኸች።

«ውሃው ይሰማሃል?»

«አዎ!»

«ከበላይህ ነው ከበታችህ?»

ዝምታ። ከዚያ፦ «ከበታቼ!»

«ፀሐይዋ የምትመታህ ፊትህን ነው ጀርባህን?»

«ፊቴን!»

«እንግዲያ ከወዲያ ማዶ ነው» አለችን ቀስ ብላ። እኛ የቆምነው ፀሐይዋን ጀርባችን ሰጥተን ነበርና። እንደገና ጮኸች፦ «ከባሕር ዛፉ በላይ ነህ በታች?»

«በታች!»

ወንዶቹ ሮጠው ወረዱ። ከባሕር ዛፉና ከጅረቱ መካከል፣ ከአንድ ቦረቦር ጥግ፣ ቁርጭምጭሚቱን ወለም ብሎት ተቀምጦ አገኙት። ጀርባቸው ላይ አዝለው አመጡት። ቁስሉን በውሃና በሳሙና አጠብሁ፣ እግሩን ከፍ አድርጌ አሰርሁለት፣ ከዚያ ከእሱ ይልቅ እኔ አለቀስሁ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጅቱ ያደረገችው እኮ የእኔ ሥራ ነው! ሕፃን «ሆዴን» ብሎ ሲመጣ «የት ነው የሚያምህ?» ብንለው እምብርቱን ይነካል፤ ትንንሽ ልጆች ሁልጊዜ እምብርታቸውን ይነካሉ። ስለዚህ እንከፋፍልለታለን፦ ከእምብርትህ በላይ ነው በታች? ውስጥ ነው ቆዳህ ላይ? እዚያው ነው የቆመው ወይስ ሄደ? የትርፍ አንጀት ሕመም ብዙውን ጊዜ ከእምብርት ዙሪያ ይጀምርና ወደ ታችኛው ቀኝ ሆድ ይወርዳል። ያን «ወረደ» የሚለውን ቃል ልጁ ካለው ሐኪሙ ሰዓታት ይቆጥባል። ከሌለው በእጅ ዳስሰን፣ «እስኪ ዝለል» ብለን፣ ፊቱን አይተን እንፈልጋለን፤ ይገኛል፣ ግን ይዘገያል። ይህን ሁሉ የማውቅ ሴት አፋፍ ላይ ቆሜ «የት ጋ?» ስል አመሸሁ።

በቀሩት አምስት ቀናት ልጁ እግሩን አስሮ መደብ ላይ ስለተቀመጠ ጨዋታ ፈጠርን። ደንቡ አንድ ነው፤ ሁለት እጅ ወደ ኋላ፣ ጣት ክልክል፣ «ጋ» ክልክል። እህቴ አንድ ነገር ትደብቃለች፣ እሱ በጥያቄ ብቻ ይፈልጋል፦ ከምሰሶው ወዲህ ነው ወዲያ? ከመሶቡ ውስጥ ነው ከሥሩ? በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ተበሳጭቶ አለቀሰ። በሦስተኛው ቀን እሱ ደባቂ ሆኖ እኛን አሰቃየን። እግሩ ሲሻለው ከጎረቤት ልጆች ጋር አኩኩሉ ተጫወተ፤ ያገኘ ሰው ያገኘበትን ስፍራ በትክክል ካልተናገረ አይቆጠርለትም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ አንዱ ከአንዱ ውስጥ መሆኑን፣ የሚጸልየው ሰውም ፊቱን ወደ ምሥራቅ ማዞሩን ነገርሁት። «እንግዲያ ፀሐይ ማታ ከጀርባው ናት» አለኝ። ልቤ ሞቀ።

የቤት ሠራተኛም ሞግዚትም ያላችሁ፣ ልጃችሁ ውሎው ከእነሱ ጋር ከሆነ ደንቡን ለእነሱም ንገሯቸው። እኔ አዲስ አበባ ስመለስ በጣም የቸገረኝ የራሴን ጣት ማሰር ነበር፤ አሁንም ያመልጠኛል።

ስለ አንድ ነገር ብቻ ጥርጣሬ ነበረኝ። ፒያዤ የተባለው የስዊዘርላንድ ሊቅ ልጆችን የሦስት ተራሮች ቅርጽ ፊት አስቀምጦ «ከወዲያ በኩል የተቀመጠችው አሻንጉሊት የምታየው ምንድን ነው?» ይላቸው ነበር። ትንንሾቹ የሚመልሱት ራሳቸው የሚያዩትን ነው። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ነገሩ በሚያውቁት ጨዋታ ሲቀርብላቸው ልጆች ቀድመው እንደሚችሉት አሳይተዋል። እኔ ግን የስድስት ዓመት ልጅ «ማዶ»ን ሙሉ በሙሉ ይይዘዋል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ማዶ የሚባለው ቦታ እንደ ቆምህበት ይለዋወጣልና።

ስንመለስ ደጀን ላይ ቁርስ በላን፣ በረሃውን ወረድን፣ ድልድዩን ተሻገርን፣ ወጣን። ጎሐ ጽዮን አፋፉ ላይ ስንደርስ ስልኬ ጠራ፤ እናቱ ናት። ስልኩን ለእሱ ሰጠሁት።

«የት ደረሳችሁ?» ስትለው ይሰማኛል።

ልጁ አፉን ከፈተ። «እዚ…» አለና ተወው። በመስኮቱ ወደ ኋላ አየ።

«አባይ ከበታቻችን ነው። ጎጃም ከኋላችን ነው።»

«ውይ፣ አሁንም ማዶ ናችሁ እንዴ?»

ጥቂት አሰበ። ነጻ እጁን ጀርባው ኋላ እንዳደረገ ነው።

«ለትልቋ እማማ ማዶ ነን» አላት። «ላንቺ ግን ወዲህ ነን።»